ርካሽ የብዕር ቀለም አሞካከር፦ ከብልቃጡ እስከ እጥበቱ

«ርካሽ ቀለም ብዕር ያበላሻል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ብዕር የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ለቀለም ብዕር ያልተሠራ ቀለምና ሳይታጠብ የከረመ ብዕር። ለቀለም ብዕር ተብሎ የተሠራ ተራ ሰማያዊ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ፣ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ አለ። ፍሰቱን የሚያስተካክል ጥቂት ነገር ይጨመርበታል። ሻጋታ እንዳያበቅልም መከላከያ ይገባበታል። ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ውዱ ለምን ተወደደ? ገንዘቡ የሚሄደው ለብልቃጡ ውበት፣ ላልተለመደ ከለር፣ ሲደርቅ ለሚያብረቀርቅ ነገርና ለስም ነው። ይህን የሚወድ ሰው ይግዛ፤ እኔም አልፎ አልፎ አያስችለኝም። ለየቀኑ ጽሑፍ ግን ጠባዩ የሰመረ ቀለም በብዛት የሚገኘው ከርካሾቹ መሀል ነው። የፓርከር ኩዊንክ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ በገበያ ላይ ነው። የፔሊካን 4001 ከዚያም ይቀድማል። ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ቀኑን ሙሉ እየጻፈባቸው ካላማረረ፣ እኛን የሚያስቸግሩበት ምክንያት የለም።

ይህ ማለት ግን ርካሽ ቀለም ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። አንዱ ይጎርፋል፣ አንዱ ይደርቃል፣ አንዱ ጠብታ ውሃ ሲነካው ድራሹ ይጠፋል። ለዚህ ነው መሞከር የሚያስፈልገው። የሙከራው ሕግ አንድ ነው፦ ብዕር፣ ወረቀትና ቀለም ሦስት ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ቀይሩ። አዲስ ቀለም በአዲስ ብዕር በአዲስ ደብተር ላይ የሞከረ ሰው፣ ውጤቱ ደስ ባይለው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ የሚረገመው ቀለሙ ነው።

1. ብዕር ውስጥ የማይገባውን መለየት

ከሁሉም በፊት ብልቃጡ ላይ «ለፋውንቴን ፔን»፣ ማለትም ለቀለም ብዕር፣ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከሌለ ተጠራጠሩ። ከዋጋው ይልቅ ይህ ጽሑፍ ይበልጣል።

ኢንዲያ ኢንክ የሚባለው የሥዕል ቀለም ብዕር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። በጥላሸት የሚሠራ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሼላክ የሚባል ሙጫ መሰል ነገር አለበት። ያ ነገር አንዴ ብዕሩ ውስጥ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም። አክሪሊክ ቀለምም እንደዚያው ነው፤ ሲደርቅ ፕላስቲክ ይሆናል። የማኅተም ቀለምና የፕሪንተር ቀለምም ቦታቸው ሌላ ነው። በርካሽ ስላገኛችኋቸው ብቻ እንዳትሸወዱ። ለቁም ጽሕፈት ተብለው የሚሸጡ ቀለሞች ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለፋውንቴን ፔንም ይሆናሉ። ጽሑፉን ሳታነቡ አትግዙ።

ክልክል ባይሆኑም ለጀማሪ የማልመክራቸው ሦስት ዓይነት ቀለሞች አሉ። አንደኛው በፒግመንት የሚሠራው ነው። ፒግመንት በውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ እንደ ደቃቅ ዱቄት ተንሳፎ ይኖራል፤ ብዕሩ ውስጥ ከደረቀ ማስለቀቁ ያለፋል። ሁለተኛው አይረን ጎል የሚባለው፣ ብረት ያለበት ቀለም ነው። ሲጻፍ ፈዘዝ ብሎ ይጀምርና ወረቀቱ ላይ አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል፤ ውሃም አያጠፋውም። ጥሩ ነው፣ ግን አሲድነት ስላለው ሳምንታት ሙሉ ብዕር ውስጥ ረስታችሁት የምትሄዱት አይደለም። የፔሊካን 4001 ብሉ ብላክ ከዚህ ወገን ነው፣ ግን ለዘብተኛ ነው። ሦስተኛው ብልጭልጭ የተጨመረበት ነው። ብልጭልጩ እየዘቀጠ ብዕሩን ይደፍናል። በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

2. ምን መግዛት፣ ምን ያህል

ዋጋ ስታወዳድሩ በብልቃጥ ሳይሆን በሚሊ ሊትር አስቡት። ዋጋውን ለሚሊ ሊትሩ አካፍሉት፣ በቃ። ያኔ ብዙ «ርካሽ» ነገር ውድ ሆኖ ይገኛል።

ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶባት የምትሸጠው ትንሽ ቱቦ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። አጭሩ መደበኛ ካርትሪጅ የሚይዘው 0.8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስድስት ያለበት ፓኬት ተደምሮ 5 ሚሊ ሊትር አይሞላም። ሠላሳ ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከስድስት እንዲህ ዓይነት ፓኬት በላይ ይይዛል ማለት ነው። 0.6 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኮንቨርተር ቢኖራችሁ፣ ያው ብልቃጥ ሃምሳ ጊዜ ይሞላላችኋል። ስለዚህ ኮንቨርተር፣ ማለትም ከብልቃጥ ቀለም መሳቢያዋ ትንሽ ቱቦ፣ ቶሎ ዋጋዋን ትመልሳለች። ግን ልብ በሉ፣ የሁሉም ብዕር ኮንቨርተር አንድ አይደለም። ላሚ፣ ፓርከር፣ ፓይለትና ፕላቲነም የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። ብዕሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልሆነም ስሙን በትክክል ያዙ።

ኮንቨርተር ከሌለስ? ያለቀውን ካርትሪጅ አትጣሉት። እጠቡትና ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ባላት ሲሪንጅ ከብልቃጡ ቀለም ቀድታችሁ ሙሉት። ደጋግሞ ያገለግላል፤ አፉ ላልቶ ማንጠባጠብ ሲጀምር ያን ጊዜ ይጣላል።

አሁን ስሞቹ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከተራ ሰማያዊ ጀምሩ። ኩዊንክ፣ ፔሊካን 4001 ሮያል ብሉ፣ የዋተርማን ሰማያዊ፣ የላሚ ሰማያዊ፣ የፓይለት ሰማያዊ፣ ሁሉም የማያስፈሩ ናቸው። ዋተርማን ከእነዚህ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ግን ብዙ ሰው ሌላውን ቀለም የሚለካው በእሱ ነው፤ ይፈስሳል፣ ይታጠባል፣ አያስቸግርም። ፓይለት መደበኛ ቀለሙን በ30 ሚሊ ሊትርም በ350 ሚሊ ሊትርም ይሸጣል። ትልቁ በሚሊ ሊትር ሲታሰብ በጣም የረከሰ ነው፤ ግን 350 ሚሊ ሊትር ያልሞከራችሁት ቀለም መግዛት ሙከራ ሳይሆን ጋብቻ ነው። የላሚ ብልቃጥ ሥሯ ላይ የተጠቀለለ መምጠጫ ወረቀት አላት፤ ኒቡን፣ ማለትም የብዕሩን መጻፊያ ጫፍ፣ ለመጥረግ እጅግ ይመቻል። ከለር መቀያየር ለሚወድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተው የእንግሊዙ ዳያሚን አለ፤ ከመቶ በላይ ከለሮችን በ30 ሚሊ ሊትር ትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ያቀርባል። የፈረንሳዩ ኤርቢን በ10 ሚሊ ሊትር የሚሸጣቸው አሉት። የቻይናው ሂሮም ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ግን ከቁጥር ቁጥር ይለያያል፤ የካርቦንም፣ አይረን ጎልም ሊሆን ስለሚችል ሳታጣሩ አትሙሉት።

ከቻላችሁ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሦስት ትናንሽ ግዙ። ብዕር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ከዚያም የረከሰ መንገድ አለ፦ ሁለት ሁለት ሚሊ ሊትር ተለዋወጡ። በደንብ የሚዘጋ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ይበቃል፤ ታጥቦ በደንብ መድረቅ ግን አለበት።

የብልቃጡን አፍም እዩ። አፉ ጠባብ ከሆነ ወፍራም ብዕር አይገባም። ቀለሙ ወደ ግማሽ ሲወርድ ደግሞ ኒቡ ሥሩን ቀለም ሳያገኝ ይቀራል። ያኔም ሲሪንጇ ታወጣችኋለች።

3. የሙከራ ብዕር

አያቶቻችሁ የተዉላችሁን ብዕር አታውጡ። ለሙከራ የሚሆነው ርካሽ፣ በቀላሉ የሚፈታና ቢበላሽ የማያስለቅስ ነው። ፕላቲነም ፕሬፒ ደስ ይለኛል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ገላው ብርሃን ያሳልፋል፣ ክዳኑም በደንብ ስለሚገጥም ቀለሙ ቶሎ አይደርቅበትም። የቻይናዎቹ ጂንሃዎችም ይሆናሉ። ሂሮ 616 ይጽፋል፣ ግን ቀለም የሚይዝበት ከረጢት አይነቀልም፤ በየጊዜው ቀለም ለሚቀይር ሰው እጥበቱ ያታክታል።

ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ ብዕር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ቀለሙ ግድግዳውን ሲያቀልም፣ ታጥቦ ሲለቅ ወይም እምቢ ሲል በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቀይና ሐምራዊ ብዙ ጊዜ ያቀልማሉ። ይህን ከውዱ ብዕራችሁ በፊት በርካሹ ላይ ማየት ነው የሚያዋጣው።

አዲስ ብዕር ከሆነ መጀመሪያ እጠቡት። ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ሊኖርበት ይችላል። ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩና ውሃውን በኒቡ ጥቂት ጊዜ ሳቡ፣ ግፉ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ይህን ሳያደርጉ «ቀለሙ አይፈስም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

4. ከመሙላት በፊት

ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሡና ሥሩን እዩ። ዝቃጭ አለ? ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ወይም ክር የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል? በጥርስ መፈልፈያ እንጨት አማስሉት፤ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣ ዝልግልግ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። አሽትቱት። የመድኃኒት ዓይነት ሽታ ችግር የለውም፤ የመከላከያው ሽታ ሊሆን ይችላል። የእርጥብ ጓዳ ሽታ ካለው ግን ዝጉት። የሻገተ ቀለምን አጥልሎ መጠቀም ይቻላል የሚል ምክር ብትሰሙ አትስሙ። ሻጋታው ወደ ብዕሩ፣ ከብዕሩ ደግሞ ወደ ሌላው ብልቃጥ ይዞራል። በርካሽ ቀለም ምክንያት እውነተኛ ኪሳራ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ቀለሙ ንጹሕ ከሆነ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክራችሁ ወረቀት ላይ አንዴ ጎትቱት። ከለሩ ሲሳሳና ሲጠግብ ምን እንደሚመስል በአንድ ጉተታ ይታያል። ኒብ የሚጽፈው ከዚህ የቀጠነ መስመር ስለሆነ፣ ጽሑፉ ከጥጡ ትንሽ ፈዘዝ ያለ እንደሚሆን ጠብቁ።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ከሶፍት ወይም ከቡና ማጥለያ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቅደዱ። ከታች ጫፉ ከፍ ብሎ አንድ ነጥብ ቀለም አኑሩበት። ከነጥቡ በታች ያለውን ጫፍ ብቻ ውሃ አስነኩና ያዙት። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ቀለሙን እየጎተተ ይበታትነዋል። በጥቁር ኩዊንክ ብትሞክሩት ሰማያዊው ከፊት ይሮጣል፤ ከኋላው ቡናማ ወደ ቢጫ የሚያደላ እድፍ ይቀራል። ጥቁር ያልነው ቀለም የብዙ ማቅለሚያዎች ድምር እንደነበር ያኔ ይገባችኋል። ጥቅምም አለው፦ ቀለሙ ውሃ ሲነካው የትኛው ከለር ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር አስቀድማችሁ ታያላችሁ።

5. መሙላት

ኒቡን እስከ ትከሻው ድረስ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። ኮንቨርተሩን አዙራችሁ ያለውን አየር አስወጡ፣ መልሳችሁ ሳቡ፣ አንድ ጊዜ ድገሙት። ከብልቃጡ ስታወጡት ሁለት ሦስት ጠብታ መልሳችሁ አንጠብጥቡ፤ ካልሆነ ከኒቡ ሥር ያለው ፊድ፣ ቀለሙን እያመጠነ የሚያወርደው ባለ ጥርስ ፕላስቲክ፣ ከመጠን በላይ ጠግቦ የመጀመሪያውን ገጽ ያበላሸዋል። በሶፍት ጥረጉ። ለሙከራ ኮንቨርተሩን እስከ አፉ መሙላት አያስፈልግም፤ ግማሹ ብዙ ገጽ ያጽፋል።

ኒቡን ነክራችሁ ብቻ በመጻፍ ፍርድ አትስጡ። የተነከረ ኒብ ሁልጊዜ ከተሞላው በላይ ቀለም ይተፋል። ከለር ለማየት እንጂ ፍሰት ለመለካት አይሆንም።

6. የሙከራው ገጽ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የምትጠቀሙበት ወረቀት በየቀኑ የምትጽፉበት ይሁን። ለቀለም ብዕር ተብሎ በተሠራ ልስልስ ወረቀት ላይ ሁሉም ቀለም ያምራል። ጥያቄው በእናንተ ደብተር ላይ እንዴት ነው የሚለው ነው። ለሁሉም ቀለም አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት አቀማመጥ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያዙ። ከላይ የቀለሙን ስም፣ ብዕሩን፣ የኒቡን ውፍረትና ቀኑን ጻፉ። ትረሱታላችሁ፤ ሁሉም ሰው ይረሳዋል።

ከዚያ ጻፉ፣ ግን የመጣላችሁን አይደለም። የእኛ ፊደል ለቀለም ጥሩ ፈተና ነው። ኃምሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀለበት ተመልከቱ፦ ቤ፣ ሴ፣ ጤ፣ ዴ። የሚጎርፍ ቀለም ቀለበቷን ይሞላታል፤ ያኔ «ቤ» እና «ቢ» ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ው፣ ዕ፣ ፅ ሆዳቸው ይደፈናል። ስለዚህ አንድ ሙሉ መስመር በእነዚህ ሙሉ፦ ቤት ቢት፣ ሴል ሲል፣ ዕፅ፣ ውሉ። ትንንሽ አድርጋችሁ ጻፉ፣ የዕለት እጃችሁን ያህል። ቀለበቶቹ ክፍት ከሆኑ ቀለሙና ኒቡ ለእናንተ ጽሕፈት ተስማምተዋል። ከተደፈኑ ቀለሙን ከመርገማችሁ በፊት ቀጠን ያለ ኒብ ሞክሩ።

ቀጥሎ የመስመሩን ዳር በቅርብ እዩ። ስልካችሁን አቅርባችሁ ፎቶ ብታነሡና ብታሰፉት ይበልጥ ይታያል። ጥሩ ቀለም በጥሩ ወረቀት ላይ ዳሩ እንደተቆረጠ ነው። መጥፎ ጥምረት ላይ ግን መስመሩ ጸጉር ያወጣል፤ ቀለሙ የወረቀቱን ክሮች ተከትሎ ወደ ጎን ይሾልካል። ገጹን ገልብጡ። ጽሑፉ በጥላ መልክ መታየቱ የወረቀቱ ስስነት ነው፤ ቀለሙን አትውቀሱት። ነጠብጣብ ሆኖ ከወጣ ግን ቀለሙ ወረቀቱን አልፎታል፤ ያንን ገጽ ከሁለት ወገን መጻፍ አትችሉም።

ለማድረቂያ ጊዜ፦ አምስት አጫጭር መስመሮች አሥምሩ፣ ሰዓት ያዙ፣ በ5፣ በ10፣ በ15፣ በ20 እና በ30 ሰከንድ አንድ አንዱን በጣት ዳብሱ። በግራ እጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ ይህ ፈተና ከሁሉም ይበልጥባችኋል። ከ20 ሰከንድ በኋላም የሚያቆሽሽ ቀለም ለእናንተ አይሆንም፣ ከለሩ የቱንም ያህል ቢያምር።

ለውሃ ፈተና ትንሽ መሰላል ሣሉ፤ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ቆዩ። አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ በሶፍት ሳትፈትጉ ምጠጡት። ርካሽ ሰማያዊ ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃል። ሮያል ብሉ የሚባሉት ጭራሽ በማጥፊያ ብዕር እንዲጠፉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህ ለተማሪ ጥቅም ነው፤ ፊርማና ውል ለሚጽፍ ግን አደጋ ነው። ለማስታወሻ ደብተር ግድ አይሰጠኝም። ለሰነድ ከሆነ ግን ውሃ የሚቋቋም፣ ለሰነድ ተብሎ የተሠራ ቀለም ያዙ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም።

በመጨረሻ ስለ ፍሰቱ። ቀለሞች እርጥብና ደረቅ ተብለው ይከፈላሉ። እርጥብ ማለት በልግስና የሚፈስ ነው፤ ደረቅ ማለት ቆጠብ እያለ የሚወርድ ነው። ፔሊካን 4001 በደረቅነቱ ይታወቃል። ደረቅ ሲባል መጥፎ አይምሰላችሁ። ቀለም የሚያጎርፍ ብዕር ያለው ሰው፣ ወይም ቀለም የሚጠጣ ተራ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው፣ መድኃኒቱ ደረቅ ቀለም ነው። ቀለም የሚነፍግ ብዕር ላይ ግን ደረቅ ቀለም ስትጨምሩ እየቧጨራችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ «ይህ ቀለም ጥሩ ነው?» ከማለት «ይህ ቀለም ለየትኛው ብዕሬ ነው?» ማለት ይሻላል።

7. ጥቂት ቀን አብሮ መክረም

የመጀመሪያ ገጽ ይሸነግላል። ፊዱ ሲጠግብ ሁሉም ቀለም ይፈስሳል። እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው ኮንቨርተሩ ወደ ግማሽ ሲወርድና ብዕሩ አድሮ ሲከፈት ነው።

ክዳኑን ከፍታችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ከዚያ ጻፉ። የመጀመሪያዋ ፊደል ትወጣለች? አምስት ደቂቃስ? ስብሰባ ላይ እየሰሙ አልፎ አልፎ ለሚጽፉ ይህ ወሳኝ ነው። ከዚያ ዘግታችሁ አሳድሩትና ጠዋት ሞክሩት። ሁለት ሦስት ቀንም ሳትነኩት ቆይታችሁ ድገሙት። ብዕሩ ተኝቶና ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ሲያድር ውጤቱ ስለሚለያይ አቀማመጡን አትቀያይሩ። ሲከፈት ከመጠን በላይ ከጠቆረ ውሃው እየተነነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክዳኑ ነው።

በብርሃን መደብዘዙን ማየት ከፈለጋችሁ ከሙከራው ገጽ አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍኑና ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱን ግማሾች አስተያዩ።

8. እጥበት

ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ስትሻገሩ ሳታጥቡ አትሙሉ። ሁለት ቀለሞች ብዕር ውስጥ ሲገናኙ አንዳንዴ ምንም አይሆኑም፤ አንዳንዴ ግን ተዋግተው ዝቃጭ ይሠራሉ። አንዱ ወደ አሲድ፣ ሌላው ወደ ሶዳ ያደላ ከሆነ ይህ የበለጠ ያጋጥማል። «ያው ሰማያዊና ሰማያዊ ነው» ማለት አያድንም።

የቀረውን ቀለም አውጡ፣ ግን ወደ ብልቃጡ አትመልሱት። በብዕሩ የገባ ቆሻሻ ሙሉውን ብልቃጥ ሊያበላሽ ይችላል፤ ጥቂት ጠብታ ለማትረፍ ብላችሁ አርባ ሚሊ ሊትር አትሰዉ። ከዚያ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ በኮንቨርተሩ ሳቡ፣ ግፉ፣ ደጋግሙ። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። አልኮልም እንዲሁ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል። የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ የጎማ ፓምፕ ካላችሁ ሥራው በጣም ይፈጥናል፦ የብዕሩን የፊት ክፍል ከኋላው ይዛችሁ ውሃ በፊዱ ውስጥ መግፋት ነው።

የሚወጣው ውሃ ጠራ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ፊዱ በጥርሶቹ መሀል ቀለም ይደብቃል። የፊቱን ክፍል ኒቡን ወደ ታች አድርጋችሁ በታጠፈ ሶፍት ላይ፣ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙትና አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱ ላይ የሚታየው እድፍ እውነቱን ይነግራችኋል። ፈዛዛ ጥላ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ደማቅ ከሆነ ድገሙት።

ውሃ ብቻውን ካልበቃ አንድ እጅ የቤት አሞኒያ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጡና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩ። በዚህ አጥባችሁ በብዙ ንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ብረት ያለበትን የብዕር ክፍል ግን ዘፍዝፋችሁበት አትሂዱ። አሞኒያን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ጓንትም አድርጉ፤ ጓንቱ ለቀለሙም ይጠቅማል።

ተራ ቀለም ከሆነ ብዕር በወር አንድ ጊዜ ቢታጠብ መልካም ነው። ለረጅም ጊዜ የማትጽፉበት ከሆነ ባዶውን አጥባችሁ አስቀምጡት።

9. ሲያስቸግር

ቀለሙ ጸጉር ካወጣ በቅደም ተከተል ሞክሩ፦ መጀመሪያ ሌላ ወረቀት፣ ከዚያ ቀጭን ኒብ፣ ከዚያ ደረቅ ቀለም። ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምሩና ገንዘብ ያባክናሉ።

ቀለሙ ከነጠፈ ብዕሩን አጥባችሁ በምታውቁት ሰማያዊ ሞክሩት። በዚያኛውም ከነጠፈ ችግሩ ብዕሩ ነው። በዚያኛው ከፈሰሰ ቀለሙ ደረቅ ነው፤ እርጥብ ወደሆነ ብዕር አዛውሩት። ሳሙና በብልቃጥ ላይ መጨመር የሚባል ምክር አለ፤ ከመጠን ካለፈ ቀለሙ ከብዕሩ መንጠባጠብና ወረቀቱን ማለፍ ይጀምራል። ከሞከራችሁም በትንሽ ዕቃ፣ በጥቂት ሚሊ ሊትር ላይ፣ የጥርስ መፈልፈያ ጫፍ ያህል ብቻ።

በጣም ጥቁር ሆኖ የሚወፍር ቀለም በተቃራኒው በዲስቲልድ ውሃ ሊቀጥን ይችላል። ይህ እንዲያውም ይረክሳል፤ ቀለሙም ይበዛል። ስታቀጥኑ ለየብቻ ቀድታችሁ እንጂ ብልቃጡ ላይ አይሁን፤ መከላከያውም አብሮ ስለሚሳሳ ያቀጠናችሁትን ቶሎ ጨርሱት።

ከለር መቀላቀል የሚያምራችሁ ከሆነ የአንድ ድርጅት ተራ ቀለሞችን ምረጡ። በትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ አዋሕዱና ሁለት ቀን ያህል ተዉት። ሥሩ ላይ ዝቃጭ ከሌለ፣ ግድግዳው ላይ ክር ካልያዘ፣ ያኔ በሙከራ ብዕሩ ውስጥ ይግባ። አይረን ጎልንና ፒግመንትን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ።

10. ማስቀመጥ

ብልቃጡን ከብርሃን አርቁ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ የከፈታችሁበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ለጥፉበት። አፉና የክዳኑ ጥርስ ላይ የደረቀውን ቀለም ጥረጉት፤ አለዚያ ክዳኑ ይጣበቃል ወይም በደንብ አይገጥምም። በደንብ የተዘጋ ተራ ቀለም ዓመታት ይቆያል። የቆየ ብልቃጥ ስትከፍቱ በአራተኛው ቁጥር ላይ ያልነውን ምርመራ ድገሙ። ደህና ሆኖ ውሃው ብቻ ተንኖ ከወፈረ ጥቂት ጠብታ ዲስቲልድ ውሃ ጨምሩ፣ በእርጋታ አዟዙሩት፣ ከሙከራ ገጻችሁ ጋር አስተያይታችሁ ከለሩ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ድረስ።

ፈተናውን የወደቀ ቀለምም ቢሆን ሻጋታ እስከሌለው ድረስ አይደፋም። እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር፣ በብሩሽ ለሚሠራ ሥዕል ወይም ለደብተር ሽፋን ማቅለሚያ ይሆናል። ጥቁር ኩዊንክን በእርጥብ ብሩሽ ወረቀት ላይ ስትጎትቱት ያ ሰማያዊና ቡናማ መለያየቱ ለሥዕል እንዴት እንደሚያምር ትገረማላችሁ።